ትንሿ ጥይት የት ገባች? ከ2020 በኋላ በአሜሪካ የጠፉት ባለ 28 እና ፎርቴን ጥይቶች

ሃያ አምስት ጥይት የያዘች አንዲት ፓኬት ናት። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከ10 እስከ 13 ዶላር አካባቢ ትገዛ ነበር። በ2021 ግን 20 ዶላርን አልፋ ሄደች። ያውም ከተገኘች ነው። ብዙ ቦታ የውሃ ሽታ ሆና ነበር። መደርደሪያው ላይ የዋጋው ወረቀት እንደተለጠፈ አለ፣ ከኋላው ግን ባዶ ብረት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የማወራው ስለ ወፍ ማደኛና ኢላማ መተኮሻ ጠመንጃ ጥይት ነው፤ ሾትገን ስለሚሉት። ከእነሱም ውስጥ ስለ ትንንሾቹ፣ ባለ 28 ጌጅና ፎርቴን ስለሚባሉት። በ2020 የጥይት እጥረት ያልነካው ዓይነት አልነበረም፤ ይሄ የታወቀ ነው። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። ትልቁ ባለ 12 ቀስ በቀስ ወደ መደርደሪያው ሲመለስ ትንንሾቹ አልተመለሱም። በኋላ ሲመለሱም ዋጋቸው አልወረደም። እርሳሳቸው ከትልቁ ያነሰ ነው፣ ዋጋቸው ግን እጥፍ ገደማ ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል?

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ጥይት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚመጣልን የክላሽ ወይም የምንሽር ነው። የብረት ቀለህ፣ ጫፉ ላይ አንድ አረር። ይሄኛው ሌላ ነው። ቀለሁ ፕላስቲክ ነው፣ ከሥሩ ብቻ ብረት ለብሷል። ታች መሃሉ ላይ ፕራይመር የምትባል ትንሽ የብረት ቆብ አለች። ቃታው ሲሳብ መርፌው ይመታታል፣ እሷም እሳት ትተፋለች። ከላይዋ ባሩድ አለ። ከባሩዱ ላይ ዋድ የሚሉት የፕላስቲክ ስኒ ይቀመጣል። ስኒው ውስጥ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን የእርሳስ ጠጠሮች ይሞላሉ። አፉ ተጣጥፎ ይዘጋል። ሲተኮስ ጠጠሮቹ ተበታትነው ስለሚወጡ በበረራ ላይ ያለ ወፍ ይመታሉ።

ጌጅ የሚባለው መለኪያ ለጀማሪ ግራ ያጋባል። ቁጥሩ ሲያድግ አፈሙዙ ይጠባል። አንድ ፓውንድ እርሳስ ወስደን 12 እኩል ድቡልቡሎች ብንሠራ፣ አንዷ ድቡልቡል በልኳ የምትገባበት አፈሙዝ ባለ 12 ይባላል። ከዚያው ፓውንድ 28 ድቡልቡሎች ብንሠራ ያንሳሉ፣ አፈሙዙም አብሮ ይጠባል። በሚሊሜትር ሲለካ ባለ 12 ወደ 18.5፣ ባለ 20 ወደ 15.6፣ ባለ 28 ወደ 14 ነው። ፎርቴን ብቻ ከዚህ ደንብ ወጣ ትላለች። የእሷ ስም (ፎር ቴን፣ አራት አሥር ማለት ነው) በቀጥታ የአፈሙዟ ስፋት ነው፤ 0.410 ኢንች፣ ማለትም 10.4 ሚሊሜትር።

ማን ይገዛታል? ድርጭት አዳኙ አለ፤ ቀላል ጠመንጃ ይዞ ቀኑን ሙሉ ከውሻው ጋር የሚዞር። ትከሻው የማይችል ልጅና ሽማግሌም አለ። በየሳምንቱ በፓኬት የሚጨርሳት ግን የስኪት ተኳሹ ነው።

ስኪት በ1920ዎቹ ማሳቹሴትስ ውስጥ መልክ የያዘ ጨዋታ ነው። ከሁለት ጎጆዎች፣ አንዱ ከፍ ካለ አንዱ ዝቅ ካለ፣ የሸክላ ኢላማ ይወረወራል። ተኳሹ ከስምንት ቦታዎች እየተዘዋወረ ይተኩሳል። አንድ ዙር 25 ኢላማ ነው፤ አንድ ፓኬት አለቀ ማለት ነው። በአሜሪካ ደንብ ውድድሩ በአራት መጠን ይካሄዳል፦ በባለ 12፣ በባለ 20፣ በባለ 28 እና በፎርቴን። በያንዳንዱ 100 ኢላማ ከተተኮሰ ድምሩ 400 ይሆናል።

ለየመጠኑ የተፈቀደው እርሳስም ልክ አለው። ለባለ 12 አንድ አውንስ (28 ግራም ገደማ) ከአንድ ስምንተኛ ነው። ለባለ 28 ሦስት አራተኛ አውንስ። ለፎርቴን ግማሽ ብቻ። በስኪት በተለመደው በ9 ቁጥር ጠጠር ስንቆጥረው ባለ 12 ወደ 650 ጠጠር ይተፋል፣ ፎርቴን ከ300 በታች። አንዳንድ አባት ‘ለልጄ ትንሿን’ ብሎ ፎርቴን ይገዛል። ምስኪን ልጅ። ከአራቱም ለመምታት የምታስቸግረው እሷ ናት።

ደንቡ በትልቁ ውድድር ትንሽ ጥይት መተኮስ ይፈቅዳል። በባለ 12 ውድድር ባለ 20 ይዘህ ብትቀርብ ማንም አይናገርህም። ተቃራኒው ግን አይሆንም። ፎርቴን ጥይት ከሌለህ በፎርቴን ውድድር ቦታ የለህም። የእጥረቱ ምሬት ያለው እዚህ ነው። ‘ባለ 12 ረክሷል፣ እሱን ግዛ’ የሚለው ምክር አይሠራም።

ጠመንጃውን በተመለከተ ብዙዎቹ አራት አይገዙም። አንድ ባለ 12፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ ይይዛሉ። ከዚያ አፈሙዙ ውስጥ የሚገቡ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሠራሉ። የሂዩስተኑ ብራይሊ በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው። ሰደፉ ያው፣ ሚዛኑ ያው፣ የሚለወጠው ቱቦውና ጥይቱ ብቻ ነው። ቱቦው ውድ ነው፣ ለዓመታትም ያገለግላል። ስለዚህ ሰውየው ገንዘቡን አስቀድሞ አፍስሷል። ጥይቱ ተወደደ ብሎ እንደዋዛ የሚተወው ነገር አይደለም።

አንድ ትጉ ተኳሽ እናስብ። በሳምንት አራት ፓኬት ፎርቴን ይጨርሳል እንበል። በዓመት ወደ 200 ፓኬት ነው። በ12 ዶላር ሂሳብ 2,400 ዶላር ይሆናል። በ22 ዶላር 4,400። ይሄ የአንዲት መጠን ወጪ ብቻ ነው። ኢላማው፣ የውድድር መመዝገቢያው፣ ነዳጁ፣ ሆቴሉ ገና አልተቆጠረም።

ፋብሪካው ዘንድ ምን ሆነ?

ነገሩ የሚጀምረው ከኮቪድ በፊት ነው። በአሜሪካ ሰዉ ጠመንጃና ጥይት የሚያሳድደው ‘ሊከለከል ነው’ ብሎ ሲፈራ ነው። ፍርሃቱ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ዲሞክራቶች ሲያሸንፉ ነው። በ2016 ትራምፕ ሲመረጡ ፍርሃቱ ለቀቀ፣ ግዢውም ቀዘቀዘ። መጋዘን ሞላ። ቅናሽ ወጣ። ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ፣ ሠራተኛ አሰናበቱ። በ1816 የተመሠረተው አንጋፋው ሬሚንግተን በማርች 2018 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ገባ። ማዕበሉ ሲመጣ ኢንዱስትሪው የቀጠነበት ሰዓት ነበር።

2020ን ሁላችንም እናስታውሳለን። ወረርሽኙ መጣ። በሜይ መጨረሻ ጆርጅ ፍሎይድ ተገደለ፣ ተቃውሞው አገር አዳረሰ። ኖቬምበር ላይ ምርጫ ነበር። ጠመንጃ ለመግዛት በኤፍቢአይ በኩል የሚደረገው የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ በ2019 28.4 ሚሊዮን ነበር። በ2020 ወደ 39.7 ሚሊዮን ዘለለ። እያንዳንዱ ማጣሪያ አንድ ሽያጭ ነው ማለት አይደለም፣ አቅጣጫውን ግን ያሳያል። የጠመንጃ ኢንዱስትሪው ማኅበር በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የገዙትን 8.4 ሚሊዮን ብሎ ገምቷቸዋል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ቢያንስ ሁለት ፓኬት ጥይት ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ትንታኔ የሚቆመው። ‘ሰው ደነገጠ፣ አከማቸ፣ አለቀ።’ ውሸት አይደለም፣ ግማሹ እውነት ግን ቀርቷል። ቤቱን ሊጠብቅ የተነሳ አዲስ ገዢ የሚወስደው 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ነው። ወይም ባለ 12 ሾትገን። ባለ 28 ገዝቶ ሌባ የሚጠብቅ ሰው አላውቅም። ታዲያ ማንም ያልተሻማባት ጥይት እንዴት ጠፍታ ቀረች?

መልሱ ወረፋ ነው። ባለ 28 እና ፎርቴን እንደ ባለ 12 ዓመቱን ሙሉ አይመረቱም። ወቅት ጠብቆ ማሽን ይዘጋጅላቸዋል፣ የተወሰነ መጠን ይሠራል፣ መጋዘን ይገባል፣ ከዚያ እየተቀነሰ ይሸጣል። ማሽንን ከአንድ መጠን ወደ ሌላ ማዞር ጊዜ ይበላል። የባሩዱ ስፍር ይለወጣል። የጠጠሩም፣ ዋዱም፣ ማጠፊያውም እንዲሁ። ማሽኑ የቆመበት ሰዓት ምንም የማይወጣበት ሰዓት ነው። ገበያው በቀዘቀዘበት ዘመን ይሄ ችግር የለውም። ደንበኛው ሁሉ ‘ባለ 12 የታለ?’ እያለ ስልክ ሲያጨናንቅ ግን ማሽን አቁሞ ባለ 28 የሚያስጀምር ሥራ አስኪያጅ አይኖርም። እኔም ብሆን አላደርገውም። ስለዚህ የትንንሾቹ ተራ ተገፋ። መጋዘን ያለችው አለቀች። ተራቸው እንደገና ተገፋ።

ዋጋቸውም ከዚሁ ይመነጫል። የጥይት ዋጋ የእርሳስ ዋጋ ብቻ ቢሆን ፎርቴን ከሁሉም በረከሰች ነበር። ፕራይመሩ ግን ለትልቁም ለትንሹም ያው አንድ ነው። ቀለህም ዋድም እንዲሁ አንድ አንድ ያስፈልጋል። ማሽን የማዞሩ ወጪ ደግሞ በባለ 12 በጣም ብዙ ጥይት ላይ ይከፋፈላል፣ በፎርቴን ጥቂት ላይ ይከመራል። ለነጋዴውም ቢሆን ቶሎ የማይዞር ዕቃ ነው።

አንድ ነገር ላስተካክል። የሽጉጥና የሾትገን ጥይት በአንድ ማሽን አይሞሉም። ‘9 ሚሊሜትር የፎርቴንን ማሽን ቀማ’ የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። የሚሻሙት ሠራተኛውን፣ እርሳሱንና ባሩዱን ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፕራይመር ክፍሉን።

ፕራይመር ትንሽ ናት፣ ጣጣዋ ግን ብዙ ነው። ውስጧ ሊድ ስቲፍኔት የሚባል ፈንጂ አለ። ደርቆ ከተመታ ወይም ከተፈተገ ይፈነዳል። ለዚህ ነው በእርጥቡ የሚቦካውና የሚሞላው። ሥራው የሠለጠነ ሰውና የተለየ ሕንጻ ይፈልጋል። ዛሬ ፍላጎት ጨመረ ተብሎ ነገ የሚተከል ፋብሪካ አይደለም። በ2020 አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚያመርቱት አራት ስሞች ነበሩ፦ ፌዴራል፣ ሲሲአይ፣ ዊንቸስተርና ሬሚንግተን።

ከአራቱ አንዱ ደግሞ በዚያው ሰሞን ወደቀ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። በጁላይ 2020 መጨረሻ፣ አገሩ ሁሉ ጥይት እየለመነ ባለበት ሰዓት፣ ሬሚንግተን ለሁለተኛ ጊዜ ኪሳራ አወጀ። ዕዳውና የፍርድ ቤት ክሱ ከብዶት ነበር። ንብረቱ ተበጣጥሶ ተሸጠ። የጥይቱን ሥራ፣ አርካንሳስ ውስጥ ሎኖክ ከምትባለው ከተማ ካለው ፋብሪካ ጋር፣ ቪስታ አውትዶር በ81.4 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሽያጩ ያለቀው በኦክቶበር ነው። ከዚያ በኋላ ሠራተኛ መጥራትና መስመሮቹን እንደገና ማስነሳት ቀረ። ያ በሳምንት የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ቪስታ ቀድሞም የፌዴራልና የሲሲአይ ባለቤት ነበር። ስለዚህ አራቱ ስሞች በሁለት ባለቤቶች እጅ ገቡ፦ በቪስታና የዊንቸስተር ባለቤት በሆነው ኦሊን። ኦሊን ደግሞ በዚያው ኦክቶበር 1 ሚዙሪ ያለውን ሌክ ሲቲ የተባለ የጦር ሠራዊቱን ትልቅ የጥይት ፋብሪካ ተረክቦ ማስተዳደር ጀመረ። ይህን ያህል ሸክም የያዘ ኩባንያ ስለ ባለ 28 ተኳሾች እንቅልፍ ያጣል ብዬ አልጠብቅም።

የሬሚንግተን መውደቅ ስኪት ተኳሹን በልዩ ሁኔታ ጎድቷል። ለኢላማ የሚሆን ጥሩ ባለ 28 እና ፎርቴን ሲባል ሰዉ ከሚጠራቸው ዋና ዋና ስሞች የዊንቸስተሩ ኤኤ እና የሬሚንግተኑ ኤስቲኤስ ነበሩ። ሁለቱም ቀለሃቸው ጠንካራ ነው፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። አንዱ ሲቆም ሸክሙ ሁሉ ሌላው ላይ ወደቀ።

ፎርቴን ላይ የተጨመረ ሌላ ገበያም አለ። ታውረስ የተባለው የሽጉጥ ኩባንያ ጃጅ የሚባል፣ ፎርቴን የሚጎርስ ሽጉጥ በ2006 አወጣ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም በ2011 ገቨርነር ብሎ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ፎርቴን ራስ መከላከያም ሆናለች፣ ለዚህ ብቻ የሚመረት ጥይትም አላት። በዚህ ላይ ከእርሳስ በጣም የሚከብድ የተንግስተን ጠጠር መጣ። ጠጠሩ ስለሚከብድ በትንሽ ጥይትም ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍ መጣል ተቻለ። ፌዴራል በ2018 ይህን ለገበያ ሲያቀርብ ፎርቴንን የናቁ አዳኞች ተመለሱ። የእነዚህ ጥይቶች ፓኬት አምስት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ዋጋውም ያስደነግጣል፣ ግን ይሸጣል። አምራቹ ቦታ ላይ ሆነህ አስበው። ማሽኑን ለፎርቴን ካዞርክ አይቀር የትኛውን ትሞላለህ? ትርፉ የሰፋውን ነው።

እቤት የሚሞላው ሰው

ድሮ ‘ራስህ ሙላው’ የሚል መውጫ ነበር። የስኪት ሰው ጋራዥ ብትገባ ጥግ ላይ እጀታ ያለው የመሙያ ማሽን ታያለህ። ሜክ የሚባለው የዊስኮንሲን ሥሪት ከሆነ አትገረም፤ በየቤቱ አለ። ቁጠባው ያለውም በትንንሾቹ ነው። 25 ፓውንድ የሚመዝን አንድ ከረጢት ጠጠር ፎርቴን ከሆነ 800 ጥይት ይሞላል። ባለ 28 ከሆነ 533። በሙሉ ክብደቱ ባለ 12 ከሆነ 355 ብቻ። በ2019 ዋጋ ሳሰላው ራስህ የሞላኸው ፎርቴን ፓኬት ከ4 እስከ 5 ዶላር ይወጣበታል፤ የተለቀመ ቀለህ ካለህ ማለት ነው። ባለ 12ን ራስህ ብትሞላ ግን ከመደብሩ ርካሽ ፓኬት ጋር ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። እጀታውን ትስባለህ፣ አሮጌው ፕራይመር ተገፍቶ ይወድቃል። አዲሱ ይገባል። አግዳሚውን ወደ ጎን ስትገፋ ባሩዱ ይወርዳል። ዋዱን ታስቀምጥና ትጫናለህ። ፎርቴን አፏ ጠባብ ስለሆነ የዋዱ ከንፈር ጠርዙ ላይ ይያዝና ይጣመማል። ቀስ ብለህ በጣትህ ታስተካክለዋለህ። ከዚያ አግዳሚውን ትመልሰዋለህ፣ ጠጠሩ መውረድ አለበት። ባለ 12 ሲሆን ሿ ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። ፎርቴን ላይ ሿ ብሎ ይጀምርና ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ጠጠሮቹ ቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ተቆላልፈው ነው። ቱቦውን በጥፍርህ ካላንኳኳኸው አይለቅም። ሳታስተውል ካለፍከው ያቺ ቀለህ ግማሽ ትሆናለች፣ ቀጣይዋ ትርፉን ተቀብላ ትፈሳለች። ከዚያ ከጋራዡ ወለል ላይ ጠጠር መልቀም ነው።

በ2021 ይህም መውጫ ተዘጋ። ፕራይመሩን ፋብሪካዎቹ ለራሳቸው ጥይት ፈለጉት። ለእቤት ሞይው የሚተርፍ አልነበረም፣ ከተረፈም በ30ዎቹ ዶላር ይሸጥ የነበረው ሺህ ፕራይመር በእጥፍና ከዚያ በላይ ሆነ። የጣሊያን ፕራይመር ያገኘ ዕድለኛ ነበር። ባሩዱም ሌላ ጣጣ አመጣ። ፎርቴን ጠባብ ናት፣ ግፊቷም ከፍ ያለ ነው። የኢንዱስትሪው መለኪያ ለባለ 12 የፈቀደው ጣሪያ 11,500 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲሆን ለአጭሯ ፎርቴን 12,500 ነው። ስለዚህ ዝግ ብሎ የሚነድ ባሩድ ትፈልጋለች። ከተለመዱት አንዱ ሆጅደን ኤች 110 ብሎ የሚሸጠው ነው። ዊንቸስተር 296 የሚባለውም ያው ባሩድ ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያል። ይህ ባሩድ ደግሞ በማግነም ሽጉጥ ሞይዎችና 300 ብላክአውት በሚባለው ጠመንጃ ባለቤቶች ይፈለጋል። 9 ሚሊሜትር ያልደረሰበትን ጓዳ እነዚህ ደረሱበት።

‘ያገኘሁትን ልተካ’ ማለት እዚህ ሥራ ላይ አይቻልም። ፕራይመር ከተለወጠ ግፊቱ ይለወጣል። ባሩድ ከተለወጠማ ሌላ ጥይት ነው። የታተመው ቀመር የሚለው ይደረጋል፣ ካልተገኘ ማሽኑ ይቆማል። እጥረት ሰውን ድፍረት ያስተምራል፣ ጠመንጃ ግን ድፍረት አይወድም። ባለ 20 ጥይቶች ቢጫ የሚቀቡበት ምክንያትም ይኸው ጥንቃቄ ነው። ባለ 20 በስህተት ባለ 12 ውስጥ ከገባች ተንሸራታ ወደፊት ትሄድና አፈሙዙን ትደፍነዋለች። ባዶ መስሎህ ከኋላዋ ባለ 12 አጉርሰህ ከተኮስክ አፈሙዙ ይፈነዳል። አራት ዓይነት ጥይት በአንድ ኪስ የሚይዝ ሰው ቢጫውን ቢወደው አይፈረድበትም።

ገበያው ላይ ያለው ጠባይ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ልክ በሸማቾች ሱቅ እንደምናውቀው የስኳርና የዘይት ወረፋ ነበር። ጠዋት መኪና ሲራገፍ የሚያውቁ ሰዎች ቀድመው ይቆማሉ። መደብሩ ‘ለአንድ ሰው ሁለት ፓኬት’ ብሎ ይለጥፋል። አንዱ ባልና ሚስት ሆኖ ይመጣል። ማታ ያው ጥይት ኢንተርኔት ላይ በእጥፍ ይወጣል፤ አየር በአየር ይሉሃል ይሄ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ የፎርቴን ጠመንጃ ሳይኖረው ‘አይጠፋም’ ብሎ የገዛም ነበር።

የሜዳው ሰው ግን መላ ዘየደ። ልምምዱን በባለ 20 አደረገ፣ ፎርቴኗን ለውድድር ቀን ቆጠባት። ቀለህ ለማንሳት ጎንበስ ማለት የሚታክተው ሁሉ አንድም ሳያስቀር መልቀም ጀመረ። ያገለገለች ኤኤ ፎርቴን ቀለህ ራሷን ችላ ሸቀጥ ሆነች።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ ጥይት ላይ 11 በመቶ የፌዴራል ቀረጥ አለ። ፒትማን ሮበርትሰን በሚባለው የ1937 ሕግ መሠረት ገንዘቡ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ለክፍለ ግዛቶች ይከፋፈላል። ቀረጡ በመቶኛ ስለሆነ ዋጋ ሲጨምር አብሮ ይጨምራል። በ2022 ለክፍለ ግዛቶች የተከፋፈለው ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። በዚያ ግርግር ካተረፉት መሃል ድርጭትና አጋዘን አሉበት ማለት ነው።

ስትመለስ በምን ዋጋ?

በ2022 መጨረሻና በ2023 መደርደሪያው ሞላ። ዋጋው ግን በቆመበት ቀረ። አምራቾቹ ምክንያት አላቸው፦ እርሳስ ተወዷል፣ ፕላስቲክ ተወዷል፣ ደመወዝ ጨምሯል። ልክ ናቸው። ግን ይሄ ብቻ አይመስለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው 22 ዶላር ሲከፍል አይተዋል። ያልከፈለው ጨዋታውን ትቶ ሄዷል፣ የቀረው ደግሞ ቱቦውን የገዛው፣ የማይለቀው ነው። ለማይለቅ ደንበኛ ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴ እዚህም እዚያም ብዙ የለም።

ትንሽ ፋታ ሲገኝ ደግሞ ባሩድ ተራውን ያዘ። ለባሩድ ዋናው ጥሬ ዕቃ ናይትሮሴሉሎስ ነው። የዩክሬን ጦርነት በ2022 ሲጀመር የአውሮፓና የአሜሪካ መድፍ ጥይት ፋብሪካዎች ይህንኑ ዕቃ ይሻሙበት ጀመር። አንድ የመድፍ ጥይት የሚበላው ባሩድ በኪሎ ነው፣ የፎርቴን ድርሻ አንድ ግራም አይሞላም። በ2023 መጨረሻ ቪስታ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ዋጋ እንደሚጨምር ለደንበኞቹ ሲያሳውቅ የጠቀሰው የዓለም አቀፍ የባሩድ እጥረትን ነበር።

ባለቤትነቱም እንደገና ተቀየረ። ቼኮዝሎቫክ ግሩፕ የሚባለው የፕራግ ኩባንያ በ2022 ሚዙሪ ውስጥም ፋብሪካ ያለውን የጣሊያኑን ፊዮኪ አብዛኛውን ድርሻ ገዛ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ የቪስታን የጥይት ሥራ በሙሉ በ2.225 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው፤ ፌዴራል፣ ሲሲአይና የሬሚንግተን ጥይት አብረው ሄዱ። ባለ 28 እና ፎርቴን ከሚሠሩት ትልልቅ ስሞች ከዊንቸስተር በቀር አብዛኞቹ አሁን በአንድ ባለቤት ሥር ናቸው። ያ ባለቤት ትልቁን ገንዘቡን የሚያገኘው ከጦር መሣሪያና ከመድፍ ጥይት ነው። የፎርቴን ወረፋ ከዚህ በኋላ የሚያጥርበት ምክንያት አይታየኝም። ሚዛኑን የሚያነሳ ነገር ካለ ርካሽ ጥይት ይዞ የሚመጣ አስመጪ ነው፤ የስኪት ሜዳው ሰውም አዲስ ስም ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን፣ ቀጥሎ ‘ቀለሁ ስንት ጊዜ ይሞላል?’ ብሎ ነው።